ሶፋ ሰሪው የደበቀው ውድቀት

ሰፈርተኛው ሁሉ «ነፋሱ» ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና መታወቂያ የሰጠው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። አዲስ ደንበኛ ወደ ሶፋ መሥሪያው ገብቶ ይህን ቅጽል ስም ሲሰማ፣ ሥራው ፈጣን ነው ማለት ነው ብሎ ደስ እያለው ይወጣል። ተሳስቷል። ነፋሱ ለማክሰኞ ያለው ሶፋ ማክሰኞ ደርሶ አያውቅም። ደንበኛው ቱግ ብሎ ሲመጣበት መዶሻውን ቁጭ ያደርግና፣ ማክሰኞ ማለቱን እንደማይክድ፣ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ግን በመካከላቸው ንግግር እንዳልነበረ በትሕትና ያስረዳል። ሰውዬው ሳይወድ በግዱ ስቆ ይመለሳል። ሶፋው ሲደርስ ደግሞ ልጅ ቢዘልበት፣ እንግዳ ቢያድርበት ንቅንቅ የማይል ስለሆነ፣ ያው ደንበኛ ከዓመታት በኋላ ወንድሙን ይዞ ይመጣል።

ስሙ የወጣለት ግን በእግሩ ነበር። በልጅነቱ ሯጭ ነበር፤ እንዲያውም ጥሩ ሯጭ። ያን ዘመን የሚያስታውሱት ሰዎች አንድ በአንድ ከሰፈሩ ለቀው አልቀዋል፤ እሱም አንስቶት አያውቅም። ሚስቱ ስትጠይቀው «ጉልበቴን አመመኝና ተውኩት» ብሏት ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

መሥሪያው ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ረጅም ክፍል ነው። በበሩ በኩል ገና ያልለበሱ የጣውላ አጽሞች ተደራርበው ቆመዋል። ከዚያ ቀጥሎ ነፋሱ ሞላዎቹን በሲባጎ እየጠፈረ፣ ስፖንጅ እየቆረጠ፣ ማስቲሽ እየቀባ የሚውልበት ጠረጴዛ አለ። ከወዲያ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ይዛ ልባሱን ትሰፋለች። ሃያ ዓመት ጀርባና ጀርባ ሆነው ሠርተዋል። ሲያወሩም፣ ሲጣሉም፣ ሲታረቁም አይዞሩም። እሱ «አለቃ» ነው የሚላት፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ ኋላ እውነት ሆኖ ቀረ።

ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ቁመቷ የአባቷ፣ ምላሷ የእናቷ። ለትምህርት ቤቷ እጅ ኳስ ትጫወታለች፤ ኳስ ይዛ ስትከንፍ የሚይዛት የለም ይባላል። ይባላል ያልኩት፣ አባቷ ሄዶ ዐይቷት ስለማያውቅ ነው። እሷ ጨዋታ ባላት ቀን ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ሚስቱ፣ ይህ ሥራ የሚበዛው የልጁን ቀን እየጠበቀ እንደሆነ ከአንድም ሁለት ጊዜ ጠይቃዋለች። እሱ ግን ለራሱም በቅጡ የማያውቀውን ነገር ምን ብሎ ይንገራት? ልጁ ሰፈር ውስጥ እንኳ ስትሮጥ ባየ ቁጥር ፍርሃት ይይዘዋል፤ ይኸው ነው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። የልጅቱ የስፖርት መምህርት ናት። ልጅቱ ልምምድ ላይ ራሷን ስታ መውደቋን፣ አሁን ግን መንቃቷን፣ እንዳይደነግጡና ቶሎ እንዲመጡ ነገረቻቸው። ሚስቲቱ ክር ከቀሚሷ ላይ እንደተንጠለጠለ ወጣች። ነፋሱ በሩን ሳይዘጋ ተከተላት።

ሲደርሱ ልጅቱ ሜዳው ጠርዝ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ እየጠጣች ነበር። ፊቷ ትንሽ ገርጥቷል እንጂ ደህና ነች፤ እንዲያውም ልምምዱ ሳያልቅ ወደ ሜዳ እንድትመለስ ስላልፈቀዱላት አኩርፋለች። በዙሪያዋ የቆመው ሁሉ የየራሱን ምክንያት ይሰጣል። አንዱ ፀሐዩ ነው ይላል፣ ሌላዋ ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው ትላለች፣ ሦስተኛው ልጃገረዶች በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያደርጋቸዋል ይላል። እናትየው ቁርሱን ያዘች። ልጇ ጠዋት ምን እንደቀመሰች መመርመር ጀመረች።

መምህርቷ ግን ነፋሱን ለብቻው ወደ ጎን ወሰደችው። አጭር፣ ፊሽካዋን ከአንገቷ የማታወርድ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት።

«ብዙ ልጅ ሲወድቅ ዐይቻለሁ» አለችው። «ቆመው ሲቆዩ፣ ሙቀት ሲበዛባቸው፣ መጀመሪያ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ከዚያ ይዝለፈለፋሉ። የእርስዎ ልጅ እንደዚያ አይደለም የወደቀችው። ማንም ሳይነካት፣ በሙሉ ሩጫ ላይ እያለች ነው። እጇን እንኳ አልዘረጋችም። ሐኪም ይያት።»

እጇን አልዘረጋችም የሚለው ቃል ነፋሱን እንደ ምስማር መታው። እጁ ሳያስበው ወደ አገጩ ሄደ። አገጩ ሥር አንዲት የቆየች ጠባሳ አለችው። ሚስቱ የብስክሌት እንደሆነች ነው የምታውቀው።

ሰዓት ሳይፈጁ ወደ ሰፈሩ ክሊኒክ ሄዱ። ኮሪደሩ በሕመምተኛ ጢም ብሏል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቀና ያላለ ወጣት ሐኪም ተቀበላቸው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ቸኩሏል። የደም ግፊቷን ለካ፣ ዓይኗን ገለጥ አድርጎ ዐየ፣ ምን እንደበላች፣ ምን ያህል ውሃ እንደጠጣች ጠየቀ። ከዚያም ብዕሩን አንስቶ፣ ከቤተ ሰብ ውስጥ እየሮጠ የወደቀ ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ሚስቲቱ ወዲያው የለም አለች። የባሏ ታላቅ እህት በሃያ ሁለት ዓመቷ መሞቷን ታውቃለች፤ ሆኖም እሷ ወደዚህ ቤተ ሰብ ሳትገባ የሆነ ነገር ነው፣ የተነገራትም ብርድ መትቷት እንደሞተች ነው። ለመናገር የሚያበቃ ነገር ሆኖ አልታያትም።

ነፋሱ መሬት መሬት ዐየ። 

ሐኪሙ ቁርስ እንዳትዘል፣ ውሃ እንድታበዛ፣ ለአንድ ሳምንት እንድታርፍ፣ ከደገማት እንዲመልሷት ነግሮ አሰናበታቸው። አመስግነው ወጡ። እናትየው ዕፎይ ብላ ከልጇ ጋር ስለ ቁርስ እየተጨቃጨቀች ከፊት ትሄዳለች፤ እሱ ከኋላ ይጎተታል። የክሊኒኩ በር ላይ ሲደርሱ እግሩ አልታዘዝ አለው።

«አለቃ፣ ቆዩኝ» አለና ወደኋላ ዞረ።

ኮሪደሩን ሲያቋርጥ፣ ተራ ሳይጠብቅ በሩን ሲከፍት፣ ወረፋ የያዘው ሰው አጉረመረመበት። ውስጥ አንዲት አሮጊት ክንዳቸውን ለመርፌ አዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ቀና ብሎ ምን እንደረሳ ጠየቀው። ሚስቱና ልጁ በዚህ መሐል ምን ሆነ ብለው ተከትለውት ከበሩ ላይ ቆመዋል። ነፋሱ አላያቸውም።

«ቅድም የለም ያልነው ልክ አይደለም» አለ። «እኔ ወድቄያለሁ። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ውድድር ላይ፣ እየሮጥኩ። እንደ ልጄ እጄን ሳልዘረጋ ነው የወደቅኩት፤ ይቺ ጠባሳ የዚያን ቀን ናት። እህቴም ብርድ አይደለም የመታት። አውቶብስ እንዳያመልጣት ሮጣ፣ በሩን ልትይዝ ስትል ነው የወደቀች። እሷ ግን አልተነሳችም።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «ለምን ቅድም አልነገሩኝም?»

«አፍሬ ነዋ።»

«በምኑ?»

«ፈርቶ ነው የወደቀው ስለተባልኩ።»

ክንዳቸውን የሰበሰቡት አሮጊት ቀስ ብለው ተነሡና፣ የእሳቸው መርፌ እንደማይቸኩል ተናግረው ለልጅቱ ወንበሩን ለቀቁላት። ነፋሱ እኒያን አሮጊት ዛሬም ድረስ ያነሣቸዋል። ስማቸውን አልጠየቀም፤ ዳግመኛም አላያቸውም። ግን አምላኩን በሚያመሰግንበት ጊዜ በዝርዝሩ ውስጥ አሉበት።

ወጣቱ ሐኪም ከዚያ በኋላ አልቸኮለም። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ አስተኝቶ አዳመጣት፣ አስቁሞ አዳመጣት፣ ቁጢጥ ካለችበት ድንገት ብድግ እያደረገ አዳመጣት። ብድግ ስትል ቅንድቡ ተሰበሰበ። የልብ ምት የሚያነበውን መሣሪያ አስመጣና ረጅም ወረቀት አወጣ፤ ወረቀቱንም ደጋግሞ ዐየው። ከዚያ ወደ ልብ ሐኪሞች የሚጽፈውን ደብዳቤ በዚያው ቆመው እያሉ ጻፈ። እዚያ እስክትታይ ድረስ እንዳትሮጥ፣ ደረጃም ቢሆን ቀስ ብላ እንድትወጣ ለልጅቱ ለራሷ ነገራት። ሲሸኛቸው የነፋሱን እጅ ያዘና ተመልሶ በመምጣቱ አመሰገነው።  ሠላሳ ሁለት ዓመት እንደ ቁስል ሸፍኖት የኖረውን ነገር አንድ ሰው አመስግኖ ተቀበለው።

ሚስቱ ግን አኮረፈችው።  በማግስቱ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ መንገድ ላይ ድንገት ዞረችበት።

«ታዲያ ጉልበትህ ምንም አልነበረም ማለት ነው?»

«ምንም አልነበረም።»

«ስንት ክረምት በቅባት ያሸሁት ጉልበት!»

ልጅቱ በመስኮቱ በኩል ዞራ አፏን ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። እናትየውም ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ደግሞ አለቀሰች። ነፋሱ ይቅርታ የተደረገለት በዚያች ሰዓት እንደሆነ ያውቃል፤ ቅባቱ ግን እስከ ዛሬ በየሰበቡ ይነሣበታል።

የልብ ሐኪሟ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ናት። ክፍሉን አጨልማ፣ የልጅቱ ደረት ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ፣ መስኮት በሚመስለው ሰሌዳ ላይ ልቧን አሳየቻቸው። ልብ ማለት እንዲያ ያለ ታታሪ ነገር እንደሆነ ነፋሱ አያውቅም ነበር። ሐኪሟ በጣቷ እያሳየች፣ በግራ በኩል ያለው የልብ ግድግዳ ከሚገባው በላይ መወፈሩን ነገረቻቸው። ጡንቻው ወፍሯል፤ የወፈረ ጡንቻ ደግሞ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ደሙን የሚይዝበትን ቦታ ያጠብባል፣ አንዳንዴም ምቱን ያዛባል። ሰውነት ብዙ ደም በሚፈልግበት ሰዓት፣ በሩጫ መሐል፣ ምቱ ከተዛባ ሰው ይወድቃል። አንዳንዱ ይነሣል፤ አንዳንዱ አይነሣም።

ነፋሱ ሰሌዳውን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣ ስፖንጁ በዝቶ መቀመጫው እንደጠበበ ሶፋ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ ይሞላል፤ ሰው ልቀመጥበት ሲል ግን ቦታ የለውም። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዐየችውና፣ ለሌላም ሕመምተኛ ይህንኑ ምሳሌ ልትጠቀምበት ትችል እንደሆነ ጠየቀችው። ፈቀደላት።

ይህ ሕመም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንደሆነ፣ ያለበት ሰው ከሚወልዳቸው ልጆች እያንዳንዱ የመውረሱም ያለመውረሱም ዕድል እኩል እንደሆነ ስትነግራቸው፣ ነፋሱ ገና ሳትጠይቀው ሸሚዙን መፍታት ጀምሮ ነበር። ልጁ ከተነሣችበት አልጋ ላይ ተኛ። የእሱም ግድግዳ ወፍሮ ተገኘ፤ ከልጁ ያነሰ፣ ግን ወፍራም። ሐኪሟ በሃምሳ አንድ ዓመቱ ሶፋ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው እንዲህ ያለ ልብ ይዞ እዚህ መድረሱ ዕድለኛነት መሆኑን ነገረችው። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። የሰጠኋት እኔ ነኝ የሚለው ሐሳብ ሰማይ ሆኖ ተደፋበት፤ ቤት ገብተውም ከተቀመጠበት አልነሣ አለ።

ሚስቱ መጥታ ከፊቱ ቆመች። «ዓይንህንም ሰጥተሃታል» አለችው። «ቁመትህንም፣ ቀጠሮ አለማክበርህንም ሰጥተሃታል። መርጠህ አልሰጠህም። ያን ቀን ከበሩ ባትመለስ ኖሮ ግን ያን ጊዜ አልለቅህም ነበር። ተመልሰሃል። በቃ፣ ተነሥ።» ተነሣ።

ቀጥሎ የመጡት ወራት ቀላል አልነበሩም። ልጅቱ የልቧን ምት ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ደረቷ ላይ ታስሮላት ሁለት ቀን ስትቆይ፣ ልቧ እንቅልፍ ላይ እያለች እንኳ አንዳንዴ በጣም እንደሚጋልብ ታወቀ። የአክስቷም ሞት ታሰበ። ሐኪሞቹ ከትከሻዋ በታች ቆዳዋ ሥር ሌላ መሣሪያ እንዲቀበርላት ወሰኑ፤ ልቧ መንገድ ሲስት ጠብቆ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ። ተሠራላት፣ ደኅና ሆና ወጣች፣ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒንም ታዘዘላት። የእጅ ኳስ ውድድር ግን ቀረ።

ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። ማልያዋን አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችና ከትምህርት ቤት መልስ መሥሪያው ውስጥ አንድ ያልለበሰ ሶፋ አጽም ላይ ተቀምጣ ጣውላውን በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። ነፋሱ ሳምንት ሙሉ ጀርባውን ሰጥቷት ሞላውን ጠፈረ። በስምንተኛው ቀን ሲባጎውን አስቀመጠና፣ ሃያ ዓመት ሥራ ላይ ዞሮ የማያውቀው ሰውዬ ዞሮ ከፊቷ ተቀመጠ። ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገራት።

የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር፣ ስምንት መቶ ሜትር። እሱ መሪ ነው። የመጨረሻውን ዙር መታጠፊያ ዞሮ የሰዉ ጩኸት ወደ እሱ ሲመጣ ይሰማዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም። ዓይኑን ሲገልጥ አገጩ ተሰንጥቆ፣ አፉ አሸዋ ሞልቶ፣ ሰው ከቦት ነው። አሠልጣኙ ከላዩ ቆሞ ይታየዋል። «ልብ የለህም» አለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሩጫ ልብ ይፈልጋል። ሊያልፉህ ሲሉ ተጋደምክ። ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ።» ነፋሱ ከዚያ ቀን ወዲህ ሊሮጥ ሜዳ ረግጦ አያውቅም። የእንጨት ሥራ ቤት ገባ፤ እዚያም ሶፋ መሥራት ተማረ። ስሙ ብቻ ከሜዳው ተከትሎት መጣ።

ልጅቱ ጣውላውን መፋቅ ትታ ነበር። «እውነት ሊያልፉህ ነበር?» አለችው።

«ኧረ የለም።»

«በስንት ትመራ ነበር?»

«በአራት እርምጃ። ቢያንስ።»

«አባዬ፣ በስምንት መቶ አራት እርምጃ እኮ ብዙ ነው!» ከተኛችበት ሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ፊቷ ሲበራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው። ከኋላቸው የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል፤ አለቃም ጆሮዋን ጥላ ትሰማ ነበር።

እየቆየ ሲሄድ ነፋሱ ያን ውርደት በሌላ ዓይን ያየው ጀመር። ያን ቀን አሠልጣኙ አይዞህ ብሎት ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ተመልሶ ይሮጥ ነበር። ያን ዕድሜ ታውቁታላችሁ፤ ትንሽ ቢያሞግሱት ኖሮ ልቡ እስክትፈነዳ ነበር የሚሮጠው። ተሰደበና ቀረ፤ ቀረና ኖረ። አለቃን አገባ፣ ይቺን ልጅ ወለደ። ነገሩን እንዲህ ካሰበው በኋላ እንቅልፍ አጣ፤ ሰውዬውን ሄዶ ማመስገን አለበት። ሚስቱ፣ በሰው ፊት ላዋረደው ሰው ምስጋና ይዞ ሲሄድ ሰው ቢሰማ ምን እንደሚል ጠየቀችው። እሱ ማንም እንዲሰማ እንደማይፈልግ፣ አሠልጣኙ ብቻ ቢሰማ እንደሚበቃው ነገራት።

የስፖርት መምህርቷ አድራሻውን አፈላልጋ አገኘችለት። አሠልጣኙ ሰማንያ አልፎአቸዋል፤ ከልጃቸው ጋር በአንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤት ይኖራሉ። መስኮቱ አጠገብ፣ መቀመጫው በሰጠመ አሮጌ ሶፋ ላይ ተሰይመው ጋዜጣ ያነባሉ። ነፋሱ ተቀመጠ፤ ቃሉን መንገድ ሙሉ ሲለማመድ ነው የመጣው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደወደቀ፣ ምን እንዳሉት፣ ልጁ ምን እንደሆነች፣ ሐኪሟ ምን እንዳለች አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

«አላስታውስህም፣ ልጄ» አሉት።

 ሠላሳ ሁለት ዓመት በሄደበት ሁሉ ይዞት የዞረው ቃል፣ ከተናገሩት ሰውዬ ዘንድ ውሃ ወስዶት ኖሯል።

«ጎበዝ ነበርክ?»

«ጎበዝ ነበርኩ።»

«ጎበዝ ብትሆን አልረሳህም ነበር» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታው ግን አልቆየም። በዚያ ዘመን የወደቀ ልጅ ሁሉ ሰነፍ ይመስላቸው እንደነበር፣ ውሃ አፍስሰውበት በዚያው አስነሥተው ያስሮጡት እንደነበር ነገሩት። ይህን ሲናገሩ እጃቸው ጋዜጣውን ያሻሽ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁት፦ «አንተንስ? አስነሥቼ አስሮጥኩህ?»

«የለም ጋሼ። አባረሩኝ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እሰይ» አሉ። «ማባረሬ በጀ። ሌሎቹን ግን እንጃ።»

 ነፋሱ ወደ ሽማግሌው ተጠግቶ ጥቂት አብሯቸው ቆየ። ሲነሣ ግን የተቀመጡበትን ሶፋ በእጁ ጫን ጫን አደረገው። ሞላው ሞቷል፣ ሲባጎው ተበጥሷል። ሊያድስላቸው ፈቃዳቸውን ጠየቀ፤ ማክሰኞ እንደሚያደርስላቸውም ቃል ገባ። አለቃ ከጨርቋ ሁሉ ጥሩውን መርጣ ለበጠችው። ሰፈሩ ውስጥ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነና፣ ቃል በገባበት በዚያው ማክሰኞ ደረሰ። የተሸከሙት ግን ሌሎች ናቸው፤ ነፋሱ ከባድ ማንሣት ተከልክሏል፤ ከፊት ከፊት እየሄደ በሩን ብቻ ይከፍታል።

አሁን አንድ ሥራ ቀረ። የልብ ሐኪሟ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ፣ የነፋሱ ወንድምና የወንድሙ ልጆች ሁሉ መታየት እንዳለባቸው ደጋግማ ነግራቸዋለች። ታናሽ ወንድሙ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አፉ ከመቀሱ ጋር እኩል የሚሠራ ተጫዋች ሰው። ይህን ጉዳይ ሲያነሡበት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እሱ ደኅና ነው፣ ሦስቱም ልጆቹ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ፤ ያልታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄዶ በሽታ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ነፋሱ ለመነው፣ ተቆጣው፣ ሁለት ሳምንት አኮረፈው። ምንም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀጉር ቤቱ በሰው ግጥም ባለበት ሰዓት፣ አለቃ ሄደች። ገብታ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠችና ባዶ ሆኖ ያገኘችው የመስተካከያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንድምየው ፎጣውን እንደያዘ ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። የምትፈልገው አራት ሰው ሆስፒታል እንዲመጣላት እንደሆነ፣ እስከዚያ ከዚህ ወንበር እንደማትነሣ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ወረፋ የያዙት ወንዶች ምን ሆና ነው ብለው ጠየቁ፤ እሷም ከእህትየው ጀምራ፣ የአውቶብሱን፣ የልጇን፣ ሁሉንም አወራችላቸው። ታሪኩ ሲያልቅ ወንበሩን የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አንዱ አዛውንት ፀጉራቸው ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ፣ ወንድምየውን ሄዶ እንዲታይ ይለምኑት ጀመር። ወንድምየው ማበጠሪያውን አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እህቱን በጣም ይወዳት ነበር፤ አውቶብሱ በር ላይ ስትወድቅ አጠገቧ የነበረው እሱ ነው፣ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የሚፈራውም ሐኪሙን ሳይሆን ያን ቀን መልሶ ማሰብን ነው። ሰኞ እመጣለሁ አላት።

ሰኞ ዕለት ሰባት ሆነው በሆስፒታሉ ኮሪደር ተደረደሩ። ወንድምየው ላይ ቀለል ያለ ውፍረት ተገኘ፤ ሁለቱ ትልልቅ ልጆቹ ነጻ ወጡ። የመጨረሻዋ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ወደ ጨለማው ክፍል መግባት ፈርታ በር ላይ ተጣበቀች። የነፋሱ ልጅ መጣችና ከአጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ያማል?» አለቻት ትንሿ።

«አያምም። ቅባቱ ግን ይቀዘቅዛል፤ ደረትሽን ሲነካሽ አትሳቂ፣ ሥዕሉ ይበላሻል። ልብሽን ታዪያታለሽ። እኔ መጀመሪያ ሳያት የምትጨፍር ነበር የመሰለችኝ።» እጇን ይዛ አስገባቻት፤ እስኪያልቅም አለቀቀቻትም።

የትንሿ ልብ ላይ ገና ጅምር የሆነ ምልክት ተገኘ። ወንድምየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሐኪሟ ግን ወንበሯን ወደ እሱ ሳበችና፣ ይህ ዛሬ ከሰማችው ዜና ሁሉ ጥሩው እንደሆነ ነገረችው። ሳትወድቅ ተገኝታለች፤ ምንም ሳትሆን። በየዓመቱ ትታያለች፣ የሚያስፈልጋት ነገር ሲኖር በጊዜው ይደረግላታል፣ ከዚህች ቤት ከእንግዲህ ማንም ሳይታወቅበት አይወድቅም። ነፋሱ ወንድሙን ትከሻውን ያዘው። እህታቸውን አሰበ፤ ለእሷ እንዲህ የሚል ሰው አልነበረም። ለሰባቱ ግን ኖረላቸው። ከከንፈሩ የወጣው «ተመስገን» የሚለው ቃል ብቻ ነበር፤ ደጋግሞ አለው።

ትንሿ በበኩሏ የሚያስጨንቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገመድ መዝለል ይቻላል ወይ ብላ ሐኪሟን ጠየቀች። ሐኪሟ እንደሚቻል፣ ሲደክማት ግን ቁጭ እንድትል፣ ራሷን ካዞራት ወይም ልቧ ከፈጠነባት ዝም እንዳትል፣ ለትልቅ ሰው እንድትናገር አስጠነቀቀቻት። ልጅቱ ራሷን ነቅንቃ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ገመድ እንደያዘች ሆና ሁለት ጊዜ ዘለለች፤ የነፋሱ ልጅም ከአጠገቧ ቆማ ቆጠረችላት። አንዲት ነርስ በበር ብቅ ብላ ይህ መጫወቻ ሜዳ እንዳልሆነ ነገረቻቸው፤ ግን ስትናገር እየሳቀች ነበር።